ጋሼ መቀስ ከዲኑ ወንበር ኋላ

ጋሼ መቀስን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ዋሽቻለሁ። ፀጉሬን ሲያስተካክሉኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያየኋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመስታወት ውስጥ ነው። ቤታቸው የት እንደሆነ እንኳ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ስለዚህ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ካየሁትና ከሰማሁት ብዙም አላልፍም።

ሱቃቸው ሁለት ወንበር አላት። አንደኛው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጋዜጣ ይቀመጥበታል። በመስታወቱ ጥግ የትልቋ ልጃቸው ፎቶ ተሰክቷል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት። ዘንድሮ ከፎቶው በላይ አንድ ሰርተፊኬት ተሰቀለ። ጋሼ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆኑ፣ ኮሌጆች ለሴት ተማሪዎች የሚመች ደንብ እንዲያወጡ እንዴት መሟገት እንደሚቻል የአራት ቀን ስልጠና ወስደው ነው። ሰርተፊኬቱ ትንሽ ተንጋዷል። ላቃናልዎ የሚል ደንበኛ ግን የለም፤ የስልጠናው ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመራላ።

አሰልጣኟ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት ናት። "ጋሼ፣ ጉዳይዎን በሦስት ደቂቃ ይጨርሱ" አለቻቸው አሉ። ጋሼ መቀስ ሰላምታ እንኳ በሦስት ደቂቃ ጨርሰው አያውቁም። ስለዚህ በእኛ ላይ መለማመድ ጀመሩ። አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ ፀጉሩ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ ሰው የት ይሄዳል?

"አንዲት ተማሪ ብትወልድ ቦታዋን ለምን ታጣለች? መልስልኝ" አሉት አንዱን።

"እኔ ሹፌር ነኝ ጋሼ፣ ምን አውቄ?"

"ለጊዜው የኮሌጅ ዲን ሁን።"

"እሺ፣ ፈቅጃለሁ። አሁን የቀረውን ይቁረጡልኝ።"

"ቶሎ አትፍቀድ እንጂ። ምኑን ተለማመድኩት?"

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የጎረቤታችን የሻይ ቤቷ ባለቤት ልጅ ነርስነት ስትማር ወልዳ አንድ መንፈቅ ቀርታለች። በኮሌጁ ደንብ ከሕመም በቀር በሌላ ምክንያት አንድ መንፈቅ የቀረ ይሰረዛል፤ መውለድ ደግሞ ሕመም አይደለም ተባለች። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ የኮሌጁ ጉባኤ ሐሙስ ነው። "ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ነው የያዝኩት" አለቻቸው ልጅቷ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች።

ሐሙስ ዕለት እኔም ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ፣ ለኮሚቴው የተባለውን ልጽፍ አብሬ ሄድኩ። ዲኑ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጠዋል። ጋሼ መቀስ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ወረቀታቸውን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። ከሦስቱ ደቂቃ አንዱ አለቀ። ልጅቷና እናቷ ጥግ ላይ ሆነው ወለሉን ያያሉ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያወሩ የኖሩት ከሰው ማጅራት ጋር ነው።

እሳቸውም የገባቸው መሰለኝ። ጠረጴዛውን ዞረው ከዲኑ ወንበር ኋላ ቆሙና ሁለት እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ። ዲኑም፣ ልማድ ሆኖባቸው ይሆናል፣ አንገታቸውን ጎንበስ አደረጉ።

ንግግሩም መጣ። "ጌታዬ፣ አንድ ተማሪ እግሩ ቢሰበር ዓመት ትጠብቁታላችሁ፤ ደንባችሁን አንብቤዋለሁ። ለወለደች ልጅ ስድስት ወር ምን አሳጣችሁ?" ቀጥለው ወረቀታቸው ላይ ያልነበረ ነገር ጨመሩ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። "በር ተዘግቶባት የቀረች ልጅ አውቃለሁ። የዘጋሁትም እኔ ነኝ።"

ልጅቷ እንድትመዘገብ ተፈቀደ። ደንቡ ላይም "ወሊድ" የሚል ቃል እንዲገባ ተወሰነ። ዲኑ ማጅራታቸውን እየዳሰሱ ሲወጡ ጋሼ መቀስ ተከተሏቸው። "ከኋላ ትንሽ በዝቷል። ብቅ ይበሉ።"

ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት፤ በሦስተኛው ወጣልኝ።

"ጋሼ፣ ያ በር የተዘጋባት ልጅ… ማን ናት?"

በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው ወደ ፎቶው ሄዶ ተመለሰ።

"አንገትህን አታንቀሳቅስ" አሉኝ። "ምላጭ ይዣለሁ።"

በእጃቸው የነበረው ማበጠሪያ ነው።