ሞተሩ ሲጠፋ የሚከፈት ውሃ

ከአዲስ አበባ ማልጄ በአውቶቡስ የተነሣሁት ቡሬ ለሚገኝ አንድ ትንሽ የሳሙና ማምረቻ የሠራሁትን የሙቀት መቆጣጠሪያ ለመትከል ነበር። ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ሲዋሃዱ በራሳቸው ይግላሉ፤ በጋሉ ቁጥር ደግሞ ውህደቱ ይፈጥናል፣ ያኔ ይብሱን ይግላሉ። ባለፈው ክረምት የሚዋሃዱበት ጋን ገንፍሎ ደሴ የሚባለውን ሠራተኛ ክንዱን ልጦታል። ዳግም ከገነፈለ ሰው ይገድላል።

ዓባይ በረሃ ላይ የአውቶቡሱ ራዲያተር ሁለት ጊዜ ፈላ። ከሹፌሩ ይልቅ የተሸበርኩት እኔ ነበርኩ፤ የሚፈላ ነገር አልወድም። ደምበጫ ሽሮ በላን፣ ፍኖተ ሰላም አደርን። በማግስቱ እስከ ቡሬ ድረስ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ሲያስነጥሰን ሄደ።

ቡሬ

የማምረቻው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኮስታራ ነጋዴ ናቸው። መቆጣጠሪያውን ተክዬ አሳየኋቸው። ጋኑን የሚያቀዘቅዘውን የቧንቧ ውሃ ዘግቶ የሚይዘው ከጄኔሬተሩ ሞተር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። ጋኑ ከልክ በላይ ሲግል መስመሩ ይቋረጥና የመዝጊያው ሞላ (ስፕሪንግ) ተፈናጥሮ ውሃውን ይለቀዋል። ሞተሩ ሲጠፋም እንዲሁ።

«ሞተር በጠፋ ቁጥር ውሃዬ ሊፈስ? ከወንዝ በአህያ እኮ ነው የማስመጣው፣ ልጄ! ሞተር ሲጠፋ እንዲዘጋ ገልብጠህ ሥራው።»

«እሜቴ፣ ጋኑ ሲቀዘቅዝ በእጅ ይዘጋል። የሰው ነፍስ ነው።»

«ደሴ ቆሞ እያለ ማን ያጠፋዋል? ነገ ትገለብጠዋለህ፤ አለዚያ ነቅለህ ሂድ።»

ተናደድኩ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሲነጋ እጅ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቀብሩ

ጠዋት፣ ከመገልበጤ በፊት፣ ጋኑን እንዳለ ሞከርነው። ኮስቲኩ ገብቶ መጋል እንደጀመረ ከውጭ የካህናት ዜማ ተሰማ። አስከሬን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው። በመንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እየቆሙ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ አንዱ ማቆሚያ የማምረቻው ደጅ ሆነ። ደሴ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

በሞተሩ የሚዞረው ማማሰያ ቆመ፣ ጋኑ ያጉረመርማል። ወዲያው ሞላው ጠቅ አለና ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ሰማሁ። የሙቀት መለኪያው ጥቂት ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። እፎይ! ግድግዳ ተደግፌ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ።

ደሴ ሲመለስ ፊቴን አይቶ ግራ ገባው። «አስከሬን በደጅ ቆሞ ሞተር ይንጫጫ እንዴ፣ ጌታው?»

ከኋላው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገቡ። እሳቸውም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጥተው ኖሯል። ጋኑን ከውጭ ዳበሱት፣ የደሴን የተላጠ ክንድ አዩ።

«ልገልብጠው?» አልኳቸው።

«ተወው። አህያ እጨምራለሁ።»

አዲስ አበባ ስገባ ባልደረቦቼ ደሴን ማሠልጠን ይሻል ነበር አሉኝ። ምን ብዬ ላሠልጥነው? ሬሳ ሲያልፍ አትነሣ ብዬ? ቡሬ ሄጄ የተማርኩት ይህንን ነው፦ ደሴ ለሟቹ ይቁም፤ እሱ እስኪመለስ ጋኑ እንዳይገነፍል ማድረግ የእኔ ፈንታ ነው።