ሁለት መቶ ፊኛ በግንቦት ፀሐይ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ ሐበሻ ሰርግ ሲደግስ፣ ልጅ ክርስትና ሲያስነሳ ወይም ልደት ሲያከብር የውዴ እጅ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ፊኛ ትነፋለች፣ ታስራለች፣ በር ላይ ቅስት ትሠራለች። ሻይ የምትሸጠውን ሴት «ሲት ሻይ» እንደሚሏት ሁሉ እሷንም ሰፈሩ «ሲት ነፋኻ» ይላታል፤ ባለ ፊኛዋ ማለት ነው። ስሙን አትወደውም። «ስሜ ውዴ ነው» እያለች አሥራ አምስት ዓመት ተከራክራለች፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም።

የሚያበሽቃት ነገር ብዙ ነው። ከህረባው፣ ማለት መብራቱ፣ የሚጠፋው ሁልጊዜ መንፊያ ማሽኗን ስትሰካ ነው። አቧራ የሚነሳው ነጭ ፊኛ ስትሰቅል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግባት የፊኛን ጠባይ ሳያውቅ ፊኛ የሚያዝ ሰው ነው። «አየር ነው እኮ!» ትላለች። «በስስ ላስቲክ የተቋጠረ አየር! ብረት መሰላችሁ እንዴ?»

እሷስ ፊኛን የምታውቀው ላስቲክ ሳይሆን ገና ሥጋ ሳለ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በስድስት ዓመቷ፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻገረች። ያደገችው ሾዋክ አጠገብ ካለ የስደተኛ ሰፈር ነው። በፋሲካ አባወራዎቹ በሬ ተቃርጠው ሲያርዱ ልጆቹ ለሥጋው ሳይሆን ለሽንት መያዣው ለፊኛው ነበር የሚሻሙት። በአመድ አሽተው፣ በሸንበቆ ነፍተው፣ ጥቂት የማሽላ ፍሬ ጨምረው አፉን በክር ያስሩታል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይንኳኳል። ሴት ልጅ አትነካውም ነበር። ውዴ አንድ ፋሲካ ከወንዶቹ እጅ ነጥቃ ሮጠች፤ እናቷም «ሴት ልጅ ፊኛ ትነፋለች?» ብለው በአርጩሜ ሸነቆጧት። ዛሬ ይህን ስታወራ ሙሽሮቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ምን ያስጠይፋችኋል?» ትላቸዋለች። «የላስቲኩ ፊኛ ስሙን የወረሰው ከበሬው ነው።»

የላስቲኩን ፊኛ መጀመሪያ ያየችው ሾዋክ በመውሊድ ገበያ፣ ለበዓሉ ከሚሸጡት የስኳር አሻንጉሊቶች ጎን ተንጠልጥሎ ነው። ቀይ ነበር። ይዛው ቤት እስክትደርስ እንኳ አልቆየም፤ የእሾህ አጥሩ ጫፍ ነካው፣ አበቃ። ካደገች በኋላ ገዳሪፍ ገብታ በአንድ የሰርግ አዳራሽ በጽዳት ተቀጠረች። እዚያ ከካርቱም የሚመጣ አንድ አስጌጭ አራት አራቱን ፊኛ አንገት ለአንገት አቆላልፎ በገመድ ላይ ሲጠመዝዝ አየች። ወለል እየጠረገች ሦስት ሰርግ ተመለከተችው፤ በአራተኛው ሰውዬው ሲታመም እሷ ሠራችው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ፋሽን መጣ! የቁጥር ፊኛ መጣ፣ የልብ ቅርጹ መጣ፣ ውስጡ ብጥስጣሽ ወረቀት ያለበት መጣ፣ በጋዝ የሚንሳፈፈውም መጣ። ጋዙ በትልቅ ሲሊንደር ከካርቱም ነበር የሚላክላት። የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ቀረ። ደንበኛው ግን ጦርነቱን እያወቀ «የሚንሳፈፍ የለሽም?» ይላታል። «መንገዱን ክፈቱልኝና አንሳፍፍላችኋለሁ!» ብላ ትመልሳለች።

ጦርነቱ በተነሳ በዓመቱ፣ በግንቦት፣ ወይዘሮ ለተትንሳኤ ልጃቸውን ብፅአትን ሊድሩ ውዴን አስጠሩ። ለተትንሳኤ የልጆች ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ ያሰቡትን ካልፈጸሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት። ሁለት መቶ ፊኛ፣ ነጭና ወርቃማ፣ በግቢው የውጭ በር ላይ እንዲሰቀል አዘዙ።

«እትየ፣ በሩ ላይ ፀሐይ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው» አለች ውዴ። «ከዳሱ ሥር ላድርገው፤ ካልሆነም ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ልስቀለው።»

«ቪዲዮ አንሺው በጠዋት ነው የሚመጣው። ሙሽራው በባዶ በር ሊገባልኝ ነው?»

«እንግዲያው ነጩ ብቻ ይሁን። ወርቃማው ሙቀት ይስባል።»

«ወርቃማው አይደል እንዴ ዋናው!»

«ይፈነዳል፣ እትየ።»

«ጥሩ አድርገሽ ንፊዋ!»

ውዴ ትእዛዙን ተቀብላ ወጣች። ጥሩ አድርጎ መንፋት ማለት ለለተትንሳኤ ወጥሮ መንፋት ነው፤ የሚያፈነዳውም እሱው ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመቷ።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት እንደ ልማዱ ከህረባው ጠፋ። ውዴና ባሏ ተሻለ ሁለት መቶውን በእጅ መንፊያ ነፉት። ተሻለ ሪክሻ ነጂ፣ ባለ ባጃጅ፣ ነው። «ሥራዬን ትቼ አየር ስገፋ ልዋል» እያለ በእያንዳንዱ ፊኛ አጉረመረመ። ያም ሆኖ በሩ አማረ። ሙሽራው በሦስት ሰዓት ከሚዜዎቹ ጋር ገባ፤ ቪዲዮውም ተነሳ። ለተትንሳኤ «አየሽ? ምን ሆነ?» ብለው ውዴን በዓይናቸው ገላመጧት።

አራት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ወርቃማ ፊኛ ጧ! አለ። እንግዳው ሳቀ፣ እልል ተባለ። ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ከዚያ አንዱ ሌላውን የቀሰቀሰ ይመስል አሥሩ በአንድ ጊዜ ተንጣጡ። ዮኒ የሚባል አንድ ሚዜም ጨዋታው ደስ ብሎት፣ ከከበሮው ምት ጋር እያጋጠመ በጥርስ መጎርጎሪያ ይወጋ ጀመር።

«ተው! ኸላስ፣ በቃ! እጅህን ሰብስብ!» ብላ ውዴ ጮኸችበት። ዮኒ «ሰርግ አይደል እንዴ!» ብሎ አንድ ጨመረ።

በዚህ መሀል ከጎረቤት ግቢ አንዲት ሱዳናዊት የምትከናነበው ቶብ ከራሷ ወርዶ፣ ጫማ ሳታደርግ እየሮጠች መጣች። ኢኽላስ ትባላለች። ከካርቱም የተፈናቀለች አስተማሪ ናት፤ እናቷን ይዛ ከሁለት ሌላ ቤተሰብ ጋር አንድ ቤት ተጋርታ ትኖራለች። «እናቴ አልጋ ሥር ገብታለች!» ብላ በዐረብኛ ጮኸች። «እስከዚህ ድረስ የሸሸነው ይህንኑ ልንሰማ ነው?»

ከበሮው ቆመ። ማንም መልስ ሳይሰጣት አራት ወታደር የጫነ መኪና በሩ ላይ ተገትሮ አለቃቸው ወረደ። «ማነው የሚተኩሰው?» አለ። የሰርጉ ሰው ጣት ሁሉ ወደ ውዴ ተቀሰረ። የዮኒ ጣት ሳይቀር!

አለቃው ከመሬት ቡጭቅጫቂ ላስቲክ አነሳና አገላብጦ አየው። «ሁሉንም አሁኑኑ አፈንድተሽ ጣይ» አለ።

ውዴ ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው ብሽቀት ያን ጊዜ ገነፈለ። «አፈንጂ? ባፈነዳውማ ገና መቶ ሰባ ጥይት ነው የምትሰማው!» ተሻለ ክንዷን ቆነጠጣት። አለቃው ላስቲኩን ወርውሮ «እንግዲያው እንደፈለግሽ አድርጊ። አንድ ድምፅ እንዳልሰማ» ብሎ መኪናውን ማዕዘኑ ላይ አቆመ።

«ሰርጌን አበላሸሽብኝ» አሉ ለተትንሳኤ።

«እኔ?» አለች ውዴ። «እኔ ነኝ?»

ቅስቱን ከተሻለ ጋር አውርዳ ወደ ጥላ ጎተተችና መቀስ ይዛ ቁጭ አለች። የታሰረ ፊኛ ሳይፈነዳ የሚተነፍስበት አንድ መላ አለ፤ አንገቱን ከቋጠሮው በላይ ሳብ አድርጎ ጥቂት መቁረጥ። ያን ጊዜ ቀስ ብሎ እሽሽሽ ይላል። አንድ በአንድ ያዘችው። ሃያ ሳይሞላ አውራ ጣቷ ውሃ ቋጠረ። ኢኽላስ ንዴቷ ሳይበርድላት ራሷ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ድንገት ቁጢጥ አለችና «ሌላ መቀስ የለሽም?» አለች። ሁለቱም አንገት ሲቆርጡ ቆዩ። ዮኒም አፍሮ መጣና ባዶውን ላስቲክ ይለቅም ጀመር።

የመጨረሻው ሲተነፍስ ውዴ «እናትሽ አሁንም እዚያው ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ኢኽላስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «እስቲ ውሰጅኝ።»

አሮጊቷ ሃጃ ነፊሳ አንገረቡ፣ ማለት የገመድ አልጋው፣ ሥር ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ውዴ ተንበርክካ ላስቲኩን አሳየቻቸውና በልጅነቷ በለመደችው ዐረብኛ «ሃጃ፣ ፊኛ ነው እኮ። አይዞዎት» አለች።

«ፊኛ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ ሃጃ በቁጣ። «ሞኝ አይደለሁም። ጭንቅላቴ አውቆታል፤ እግሬ ነው ያልሰማው።» ቀጥለው ደግሞ «ለመሆኑ በዚህ ፀሐይ በር ላይ ፊኛ የሚሰቅለው የትኛው አህያ ነው?» አሉ።

ውዴ መሬቱ ላይ ዝርፍጥ አለች። «እኔም ያንኑ ብያለሁ!» አለች። «ያንኑ ነው ያልኩት! ከዳሱ ሥር ይሁን አልኩ። ወርቃማው ይቅር አልኩ። ምን አሉኝ መሰለዎት? ጥሩ አድርገሽ ንፊ!»

«ጥሩ አድርገሽ?» አሉ ሃጃ። «ከፀሐይ ላይ?»

«ከፀሐይ ላይ!»

አሥራ አምስት ዓመት የፈለገችውን ሰው ውዴ አልጋ ሥር አገኘችው። ስለ ለተትንሳኤ ነገረቻቸው፣ ስለ ከህረባው ነገረቻቸው፣ እሷ የነፋችላትን መልሳ አምጥታ «አልወደድኩትም፣ ሮዝ ይሁን» ስላለች አንዲት እናት ነገረቻቸው። ሃጃም የራሳቸውን አመጡ፤ ዳቦ እሳት ላይ ጥላ ገበያ ትሄድ ስለነበረች አንዲት ምራታቸው፣ ዳቦውን አሳርራ ምድጃውን ስለምትወቅስ። ሁለቱም «ወይ ጉድ» እየተባባሉ፣ አንዷ ከአልጋው ሥር አንዷ ከጎኑ፣ ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደማይሰማ ሲያነሱ ሲጥሉ ቆዩ። ኢኽላስ በሩ ላይ ቆማ በግርምት ታያቸዋለች። በመጨረሻ ሃጃ «ወገቤ ተቆረጠ፤ አውጡኝ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። ግራና ቀኝ ይዘው አወጧቸው።

ከሰዓት በኋላ ሃጃ ነፊሳ ነጭ ቶባቸውን ለብሰው ሰርጉ ቤት መጡ። ብፅአት ራሷ ከአጠገቧ አስቀመጠቻቸው። በሩ ባዶውን ዋለ፤ እንግዳው በባዶ በር መግባቱ ማንንም አልገደለም። ለተትንሳኤ ግን ሰርጉን ያበላሸችው ውዴ እንደሆነች እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ውዴ ከዚያ ወዲህ ሕግ አውጥታለች። ፊኛ የሚነፋው ሳይወጠር፣ ለስለስ እንዳለ ነው፤ ፀሐይ ላይ አይሰቀልም። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ግራና ቀኝ ያለውን ጎረቤት ሄዳ ትጠይቃለች። ማፈንዳት ክልክል ነው። ልጆች መጫወት ካማራቸው አፉ ያልታሰረ ትሰጣቸዋለች፤ ነፍተው ሲለቁት እያፏጨ በግቢው ይዞራል፣ እነሱም ይስቃሉ። ወጣቶቹ ግን ቅር ይላቸዋል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ደውላ «ካልፈነዳ ምኑን በዓል ሆነ?» አለቻት። «በይ እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ» ብላ ስልኩን ዘጋችባት። ተሻለ «እንዲህ እያልሽ ደንበኛ አትጨርሺውም?» ቢላት እሱንም ተቆጣችው።

አንድ ነገር ግን አልቀረላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ጧ ያለ ነገር ሁሉ የእሷ ጥፋት ሆኗል። የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም ኢኽላስ ትደውላለች። ሰሊጥ የጫነ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ኢኽላስ ትደውላለች።

«ፊኛ አይደለም! እኔ አይደለሁም!» ትላለች ውዴ ስልኩ ላይ እየጮኸች። «የከተማው ጎማ ሁሉ የእኔ ነው እንዴ?»

«አውቃለሁ» ትላለች ኢኽላስ። «እናቴም ታውቃለች። ግን ገብታለች።»

ውዴ «ኤጭ!» ብላ ስልኩን ትዘጋና ነጠላዋን ታነሳለች። እየተነጫነጨች መንገዱን ታቋርጣለች፤ ከአልጋው ጎን መሬት ላይ ትቀመጥና «ሃጃ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንዳዘዙኝ ልንገርዎት?» ብላ ትጀምራለች።