የቀይዋ ቅቤ፣ የነጯ እርጎ

የልጄ ልጅ ሰሚራ ሰሞኑን መኪና መንዳት እየተማረች ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ መሪና ፍሬን ሆኗል። በቀደም ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እግሬን ዘርግቼ በቆሎ ስፈለፍል ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ስልኩ ውስጥ ከመሬት የተጣበቁ፣ አፍንጫቸው እንደ ቀበሮ የሾለ ሁለት መኪኖች አሉ። አንድ ፈረንጅ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው እየገባ በረሃ መሃል በተዘረጋ አስፋልት ላይ ይከንፋል።

"አኮ፣ እስቲ ተመልከቺ" አለችኝ። እዚህ ጭሮ አያቱን አኮ የማይል ልጅ የለም። "ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የዚህኛው ዋጋ ግን የዚያኛው እጥፍ ነው።"

"ምን ስለሚያደርግ?"

"ይፈጥናል። ግን ብዙም አይደለም፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ያህል ነው የሚቀድመው።"

"ለአንድ ዓይን ጭፈና?" አልኩና ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ተቋረጠ። የሞተሩ ጩኸት ከስልኩ ውስጥ ሲወጣ እግሬ ሳላዝዘው ተንቀሳቀሰ፤ የፈለፈልኩት በቆሎ ከጭኔ ላይ ተበተነ። ሰሚራ ፍሬውን እየለቀመች "ምን ሆንሽ?" ትለኛለች። ምን ልበላት?

እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሴትዮ ነኝ። ጭሮ ትንሽ ከሰነበትኩ ሂርና ያለችው ልጄ ትናፍቀኛለች። ሂርና ስደርስ ደግሞ ሚኤሶ ያለችው እህቴ ትዝ ትለኛለች፤ የሚኤሶ ሙቀት ሲያንገሸግሸኝ የገለምሶ ጭጋግ ያምረኛል። ልጆቼ "የእናታችን ቤት መንገድ ላይ ነው" እያሉ ያሙኛል፤ ሐሜት ከሆነ። ይህ አመል ከየት እንደያዘኝ እኔ አውቀዋለሁ። ከቀይዋ መኪና ነው የያዘኝ። ወይም ከነጯ። ይህን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

አባቴ ገለምሶ ላይ ጫት ነጋዴ ነበር። ጫት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ጠዋት የተቀጠፈው ወጣት ነው፣ ካደረ የፍየል ቀለብ ነው። የራሱ መኪና ስላልነበረው በሰው መኪና ላይ ነበር የሚጭነው፤ ቦታ ሞልቷል እየተባለ ስንት ቀን ጫቱ ደጃፋችን ላይ ጠወለገ። በመጨረሻ ሁለቱን በሬዎቹንና ከወንዙ በታች ያለችውን ማሳ ሸጦ የራሱን መኪና ሊገዛ ቆረጠ። ገለምሶ በሙሉ ሳቀበት። ሰው የሳቀው በሬ ሸጦ መኪና በመግዛቱ አልነበረም፤ አባቴ መኪና ላይ መቀመጥ ስለማይችል ነው። ፈርቶ አይደለም። የቤንዚኑ ሽታ ገና ሲሸተው ሆዱ ይገለበጣል። ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ነው የሄደው።

የድሬዳዋው ሻጭ ሁለት ፒካፖች ላከለት። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ መንታዎች ናቸው፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ። ቀይዋ ሞተሯ ተነክቶ ጉልበት ተጨምሮላታል ተባለ፤ ዋጋዋም ከነጯ የአንዲት ጥሩ የምትታለብ ግመል ያህል ይበልጣል። የዚያን ዘመን የጫት መኪና ሰሚራ ስልክ ውስጥ ካሉት ምን ያንሳል? ሁሉም የሚነዳው ቀድሞ ለመድረስ ነበር። ሾፌርም ከመኪናው አይለይም፤ መኪና የገዛ ሾፌሩንም አብሮ ይረከባል። ቀይዋን የሚነዳት ጀማል የሚባል፣ ጥርሱ የማይከደን ጎረምሳ ነው። ነጯን የሚነዱት አያ ሙሜ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው።

አባቴ ሁለቱን መኪኖች ልክ እንደ በቅሎ ዞራቸው። ጎማቸውን በከዘራ መታ፣ ኮፈናቸውን አስከፍቶ እንደ አፍ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ሽታው ሲመጣበት አፍንጫውን በሽርጡ ጫፍ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

"ኢንተሎ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "አንቺ ሆድሽ ብረት ነው። በሁለቱም ሂጂባቸውና ንገሪኝ።"

"አቦ፣ እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?" አልኩት፤ አባታችንን አቦ ነበር የምንለው።

"ስለ በቅሎ የምታውቂውን ንገሪኝ። ትደነብራለች? ቁልቁለት ላይ ራሷን ትይዛለች? ጭነቷን ትጠብቃለች?"

ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ጫት ስለቅም፣ ሳስር፣ በኮባ ቅጠል ስጠቀልል ነው ያደግኩት። ከበዴሳ ወዲያ ግን ተሻግሬ አላውቅም ነበር። በእጄ ያሰርኩት ጫት ድሬዳዋን ያያል፤ እኔ አላይም። ይህ ነገር እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። ሌላም ነገር ነበር። ጫት ያለ ባለቤት አይሄድም፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጋቢና ተቀምጦ ሄዶ ማስረከብ አለበት። አባቴ መቀመጥ ካልቻለ ማን ሊቀመጥ ነው? ይህን ጮክ ብዬ አልጠየቅኩም። ማታም ቀንም ግን ይኸው ነበር የሚመላለስብኝ።

መጀመሪያ ጫታችን ተጭኖ በቀይዋ ሄድኩ። አባቴ አሰበ ተፈሪ ላለችው አክስቴ የማደርስላት እርጎ በቅል ሞልቶ ሰጠኝ። ጭሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ቅሉን በጉልበቴ መሃል ያዝኩት። ጀማል "ተያዢ!" አለኝ፤ ምኑን እንደምይዝ ሳይነግረኝ ተፈተለከ።

የዚያን ጊዜው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ ሁልጊዜ ደግሞ ኮረኮንች ነው። ቀይዋ በላዩ ላይ ትዘል ነበር እንጂ አትሄድም። የበዴሳን ስም ጠርቼ ሳልጨርስ በዴሳ ኋላዬ ሆነች። ኩኒ ዳገት ስር ስንደርስ ጀማል ማርሽ ቀየረ፤ ሞተሯ እንደ አንበሳ አገሳና ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ሆዴ ኋላ ቀረ፣ ልቤ ቀድሞኝ ዳገቱን ወጣ። የጽድ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ጮህኩ።

"ፈራሽ እንዴ?"

"አልፈራሁም! ድገመው!"

መሪውን በእጁ እየመታ ሳቀ። "ዋላሂ አንቺ ሾፌር ነሽ!"

"ሴት ሾፌር አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም። ግመል መኪና ላይ ተጭና ስትሄድም እስካይ ድረስ አላየሁም ነበር።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባትሽ ይህቺን ይግዛ እንጂ በየቀኑ ድሬዳዋ እወስድሻለሁ። ባቡሩን ታያለሽ። ማታ ከተራራው ላይ መብራቱን ስታዪው ሰማዩ የወደቀ ይመስልሻል።"

አክስቴ ቅሉን ስትከፍት ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ አገኘችው። "ማሻአላህ!" ብላ እልል አለች። "ከመናጥ የሚገላግል መኪና! ይህቺኑ ግዙ!" ጫቱን የተረከበው ሰውዬ ግን እልል አላለም። አንዱን ዙርባ፣ አንዱን እስር ጫት፣ ፈትቶ ጫፉን አየ። ለጋው ጠቁሯል፣ ቅጠሉ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ቆስሏል። መልሶ አሰረው። እኔም አየሁ፤ ያላየሁ መሆን ግን ከጅሎኝ ነበር።

በሌላው ቀን ተራው የነጯ ሆነ፤ የእርጎ ቅሌንም እንደገና ያዝኩ። ጀማልም የሌላ ነጋዴ ጫት ጭኖ ከእኛ ጋር እኩል ተነሳና ወዲያው አቧራውን አልብሶን ጠፋ። አያ ሙሜ "ቢስሚላህ" ብለው ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ። እኔ ቁጭ ብዬ ተቁነጠነጥኩ።

"አያ፣ ለምን አይፈጥኑም?"

"እየፈጠንን ነው።"

ወደ ውጭ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ዛፎቹ እንደዚያኛው ቀን ነው የሚሮጡት። ቀይዋ ፍጥነቷን ለአገር ታወራለች፣ ነጯ ግን ሆዷ ውስጥ ነው የምትይዘው። ኩኒን አልፈን በጭጋግ ውስጥ ስንወርድ አያ ሙሜ ድንገት አዘገሙ። ኩርባውን ስንዞር የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶት ቆሟል።

"በምን አወቁ?"

"መንገዱ ላይ ያለው እበት ትኩስ ነው።" ደግሞ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "የኔ ልጅ፣ ዛሬ ያመጣሁሽ የመኪናዋ ባለቤት አምጣት ስላለኝ ነው። አባትሽ ይህቺን ቢገዛ ሴት ልጅ ጋቢናዬ ውስጥ አትቀመጥም። መንገድ ነው። ኬላ አለ፣ ወሬ አለ" አሉኝ።

አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ጀማል ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ብርጭቆውን አየሁ። ሻዩ ገና አላለቀም። አክስቴ ቅሉን ከፍታ "ውይ፣ ዛሬ እርጎው እርጎ ነው" ብላ አፏን አጣመመች። ጫቱ ግን ሲፈታ ጠል እንደያዘ ነበር፤ ከዛፉ አሁን የወረደ ይመስላል።

ገለምሶ ስመለስ አባቴ በባዶው የከብት በረት አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በሬዎቹ የሉም፤ ቀንበሩ ብቻ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ገባኝ። አፌ ላይ የነበረው "ቀይዋ" የሚለው ቃል ነው። ቀይዋ ካልኩ መንገዱ የኔ ነው፣ ድሬዳዋ የኔ ናት። ቀንበሩን አየሁት።

"ቀይዋ ልብ ታስጋልባለች" አልኩት። "ቅቤም ታወጣለች። ጫቱን ግን ትገድለዋለች። ነጯ ሰጋር ናት፣ አቦ። ጭነቷን ትጠብቃለች።"

"ቀይዋ በምን ያህል ትቀድማታለች?"

"ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ።"

"አንድ ግመል ለአንድ ብርጭቆ ሻይ!" ብሎ ሳቀ፤ በሬዎቹ ከተሸጡ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አተኩሮ አየኝ። "አንቺ ግን የወደድሽው የቱን ነው?"

"ቀይዋን።"

"ታዲያ ለምን ነጯን አልሽ?"

"አንተ የጠየቅከኝ ጭነቷን ትጠብቃለች ወይ ብለህ ነዋ።"

ራሴን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎኝ ተነሳ።

ነጯ ተገዛች። አያ ሙሜም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሴት ልጅ አላስቀምጥም አሉ። "እንግዲያው እኔው እሄዳለሁ" አለ አባቴ። እናቴ አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ሳቋን ይሁን ድንጋጤዋን እንጃ። ለእኔ የተቆረጠልኝ አክስቴ ቤት ወርጄ ሙያ እየተማርኩ መቀመጥ ነበር። ሙያ የሚባለው ባል እስኪመጣ መጠበቅ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። ለመጀመሪያው ጉዞ እንግዲህ፣ እኔን አክስቴ ዘንድ ሊያደርሱኝ፣ ሦስት ሆነን ጋቢና ገባን። አያ ሙሜ መሪው ላይ፣ እኔ መሃል፣ አባቴ መስኮቱ ጋ፣ በእጁ ሎሚ፣ በአፉ ዝንጅብል።

በዴሳ ሳንደርስ ሎሚውን ጨመቀው። ኩኒ ላይ "አቁም" አለ፤ ወርዶ ተመለሰ። ጥቂት ሄደን "አቁም" አለ። አያ ሙሜ ወደ ኋላ ወደ ጫቱ እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ ጊዜው እየሄደ ነው። አሰበ ተፈሪ መግቢያ ላይ አባቴ በሩን ራሱ ከፍቶ ወረደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥምጥሙ ተፈቷል፣ ፊቱ የጫቱን ቀለም ይዟል።

"ሂዱ" አለ።

"ማን ያስረክባል?" አሉ አያ ሙሜ። "እኔ ነጂ ነኝ፣ ሻጭ አይደለሁም።"

አባቴ በጣቱ ወደ እኔ አሳየ።

"ነግሬሃለሁ እኮ! መንገድ ነው፣ ወሬ አለ…"

"አያ ሙሜ፣ ስማኝ። እሷ የወደደችው ቀይዋን ነበር። ያቺ ብትገዛ ሰውዬው በየቀኑ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። አንተ እንደማታስቀምጣት እያወቀች ነው መኪናህን ይሻላል ያለችኝ። የሚያወራ ካለ ይህን አብሮ ያውራ።"

ጀማልም አያ ሙሜም ያሉኝን እንዴት እንደሰማ እንጃ፤ ሁሉንም ያወራሁላት አክስቴ ናት መሰለኝ፣ አፏ ክዳን የሌለው ቅል ነው። አያ ሙሜ ማርሽ አስገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "በሩን ዝጊዋ! ጫቱ ይጠወልጋል" አሉ።

አባቴ የአክስቴን በቅሎ ተውሶ እየሰገረ ተመለሰ፤ ያን ቀን በመንገድ ላይ ከእሱ የተደሰተ ሰው አልነበረም አሉ። እኔ ግን ነበርኩ። ሂርና ስንደርስ የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት ገዛን፤ አያ ሙሜ ለራሳቸው አንድ፣ ለእኔ ሁለት አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለእኔ ስም የሌለው አገር ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቀይዋ ከኋላችን መጥታ እያንባረቀች አለፈችን፤ ጀማል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "ተያዢ!" አለኝ። እጄ ሳላስበው የበሩን እጀታ ጨበጠ። ተራራው ላይ ስንደርስ ቀኑ መሸትሸት ብሏል፤ የድሬዳዋ መብራት ከታች ተዘርግቶ ታየኝ። ሰማዩ የወደቀ አይመስልም። እኔ ወደ ላይ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ነጯ ብዙ ዓመት አገለገለችን፤ እህቶቼን ያሳደገች፣ ማሳውን ያስመለሰች እሷ ናት። ቀይዋ ተሸጣ ወደ ጅጅጋ ሄደች ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያያት አላገኘሁም። ነጯን በመምረጤ ተጸጽቼ አላውቅም። የምሰማት ግን ቀይዋን ነው። ከመንገዱ አንድ የጠነከረ ሞተር ባለፈ ቁጥር ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። የረጋ ትዳር ነበረኝ፣ ደግ ባል፣ ልጆች፣ አልሐምዱሊላህ። እግሬ ግን ያን ዳገት አልረሳም።

ይህን ሁሉ ለሰሚራ በቆሎውን እየፈለፈልን ነገርኳት። ስልኳን አጥፍታ ሰማችኝ። "ታዲያ አኮ፣ ከእነዚህ ከሁለቱስ የቱ ይሻላል?" አለችኝ። እኔ እንጃ ልጄ፣ አልኳት። ሰው የሚከፍለው ቀድሞ ለመድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንዷን ግመል ዋጋ አሁንም አልከፍልም ነበር። ግን ለዚያ ጩኸት፣ ለዚያ "ድገመው" ላልኩት ምን ዋጋ ይወጣለታል?

ዛሬ ጠዋት ሚኤሶ እህቴ ዘንድ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ልጄ፣ የሰሚራ እናት፣ "ትናንት እኮ ነው የመጣሽው" ብላ አጉረመረመች። ትናንት አልነበረም፣ ግን ልክ ናት። ሰሚራ ቦርሳዬን ይዛልኝ መናኸሪያ ሄድን። ሁለት ሚኒባሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ አዲስ፣ ቀለሙ የሚያበራ፣ ሙዚቃው የሚያደነቁር ነው፤ ሌላው አሮጌ፣ ሾፌሩ ፀጉሩ የሸበተ፣ መስታወቱን በጨርቅ የሚወለውል። ረዳቶቹ "ሚኤሶ! ሚኤሶ!" እያሉ ወደ እኔ ተሻሙ።

ሰሚራ በክርኗ ነካ አድርጋኝ ሳቀች። "እሺ አኮ፣ የትኛዋ?"

አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። እግሬ አስፋልቱ ላይ አልቆም አለኝ።

"መጀመሪያ የምትወጣዋ" አልኳት።