መብል የማያታልለው ዓሣ

አበጋዝ የዝዋይ ልጅ ነበር። አባቱ ሐይቁ ላይ መረብ እየጣሉ አሳደጉት። ጎልማሳ ሲሆን ግን ዓሣውን ትቶ የተሳቢ መኪና መሪ ጨበጠ፤ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖረ። በኋላ ቀኑ ከፋ። የሥራ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ከየቤታቸው ሲለቀሙ፣ ነገ የኔ ተራ ነው ብሎ መኪናውን ከነጭነቱ በረሃ ላይ አቁሞ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ሮተርዳም የደረሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሲጀምሩ ነው። ሚስቱ የትነበርሽ በሱዳን በኩል ዞራ ከዓመት በኋላ ተከተለችው።

ዴልፍስሃቨን በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። ልጅ ይመጣል ብለው ባለ ሁለት መኝታ ነበር የጠየቁት። ልጁ አልመጣም፤ ትንሿ ክፍል ባዶዋን ቀረች። ውሎ አድሮ ስለ ክፍሏ ማውራቱንም ሁለቱም ተዉት።

አበጋዝ ወደቡ አጠገብ ባለ የመርከበኞች ማደሪያ ጽዳት ተቀጠረ። የትነበርሽ ሥራዋ ከከተማው ወዲያ ነው፤ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ፣ ቤያርደንሃውስ የሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ። ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። እሱ ገና በማለዳ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ እሷ ወጥታለች። እሷ ስትመለስ እሱ አንቀላፍቷል። ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያውቁት ድስቱ ውስጥ አንዳቸው ለሌላው በሚያስተርፉት ወጥ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1984 የጸደይ ወራት ማደሪያው ውስጥ አንድ እግሩ የተሰበረ አሜሪካዊ መርከበኛ ተኛ። መርከቡ ጥሎት ሄዷል። ከአልጋው ጥግ፣ ከሻንጣው ጎን፣ ክንድ የሚያህል እጀታ ያለው ወፍራም የማጥመጃ ዘንግ ቆሞ ነበር። አበጋዝ ወለሉን ሲወለውል ዓይኑ እሱ ላይ መቅረቱን ሰውየው አየ።

«ዓሣ ታውቃለህ?» አለው።

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ» አለ አበጋዝ፣ አሰብ ወደብ በለቃቀመው እንግሊዝኛ።

መርከበኛው ከቦርሳው ፎቶግራፍ አወጣ። አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው የልጅ ቁመት የሚያህል ዓሣ ታቅፏል። የዓሣው አፍንጫ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ረዝሞ ወደ ፊት ወጥቷል። አበጋዝ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

«ይኼ የአገሬ የሚዙሪ ወንዝ ዓሣ ነው» አለ ሰውየው። «መብል አያታልለውም። ትል ብትሰጠው፣ ሥጋ ብትሰጠው፣ ዞር ብሎ አያይህም። አፉን እንደ ከረጢት ከፍቶ ይዋኛል፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ለዓይን የማይታይ ነገር እያጠለለ ይኖራል።»

«ታዲያ በምን ታጠምዱታላችሁ?»

«አናጠምደውም፤ እንወጋዋለን።» ሰውየው ከአልጋው ሥር ቆርቆሮ ጎትቶ ሦስት ጥርስ ያለው ትልቅ መንጠቆና የእርሳስ ክብደት አሳየው። «ይኼን ትወረውራለህ፣ እታች እስኪደርስ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በሙሉ ጉልበትህ መንጭቀህ ትጎትታለህ። ክሩን ትጠቀልላለህ፣ ደግሞ ትመነጭቃለህ። ዓሣው እዚያ ካለ ጎኑን ይይዘዋል፤ ከሌለ ውሃ ስትመነጭቅ ትውላለህ። እኛ ጋ ሕጋዊ ነው፤ ወቅት አለው። ትከሻህ ይወልቃል። ብዙውን ጊዜ ባዶ እጅህን ትገባለህ።»

«ለምን ታደርጉታላችሁ ታዲያ?»

መርከበኛው መንጠቆውን ወደ ቆርቆሮው መለሰ። «ሲይዝልህ» አለ፣ «ወንዙ ራሱ ክንድህን የጨበጠህ ይመስልሃል።»

ሰውየው በአውሮፕላን ወደ አገሩ ሲላክ ዘንጉንም ቆርቆሮውንም ለአበጋዝ ትቶለት ሄደ። አበጋዝ በትራም ተሸክሞ አምጥቶ ትንሿ ክፍል ውስጥ አቆመው።

ከአረጋውያኑ መኖሪያ ጀርባ ሰፊ ኩሬ አለ። ሽማግሌዎቹ የሚውሉበት ትልቁ አዳራሽ መስኮቱ በሙሉ ወደዚያ ነው የሚያየው። በሰኔ ወር አንድ ምሽት አበጋዝ ሚስቱን ሊቀበል በሜትሮ ሄዶ፣ ፀሐዩ ገና ስላልጠለቀ ኩሬው ዳር ተቀምጦ ጠበቃት። ከዳር ብዙም ሳይርቅ ጀርባቸው ብር የመሰለ ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ቀስ ብለው ሲዞሩ አየ። ዓይናቸው ከአገጫቸው አጠገብ ወርዶ ተተክሏል፤ ያኮረፈ ሰው ይመስላሉ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አላት የትነበርሽ ስትወጣ።

«ዚልቨርካርፐር ይሏቸዋል። ውሃው ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አተላ እንዲበሉ ማዘጋጃ ቤቱ ያስገባቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዳቦ ሲጥሉላቸው ይውላሉ፤ አንድም ቀን ነክተውላቸው አያውቁም።» ሜትሮው ውስጥ ጭንቅላቷን መስተዋቱ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። አንቀላፋች ብሎ ሲያስብ «ዝዋይ የበላነው ዓሣ ትዝ ይልሃል? ከነጭንቅላቱ የተጠበሰው፣ በዳጣ» አለችው።

ሌላ አልተናገረች። እሱ ግን ቃሏን ይዞ ቀረ። የሚመጣው እሑድ ከስንት ወር በኋላ ሁለቱም እረፍት የሚሆኑበት ቀን ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሙሉ ዓሣ አስቀምጦ ከፊት ለፊቷ ሊቀመጥ ፈለገ። እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ከፈለገው ነገር ሁሉ ትልቁ ይኸው ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሹ መጋረጃ ገና ሳይገለጥ ኩሬው ዳር ደረሰ። ክልክል መሆኑን ያውቃል፤ ፈቃድ የያዘ ሰው እንኳ ዓሣን በባዶ መንጠቆ መውጋት አይፈቀድለትም። ወረወረ፣ መነጨቀ። ወረወረ፣ መነጨቀ። ሣር ወጣለት፣ የተቀደደ የፕላስቲክ ከረጢት ወጣለት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ዓመታት ሙሉ ባልዲና መወልወያ የጎተተው ትከሻ መንደድ ጀመረ። አባቱ መረብ ሲጥሉ ለዓሣው መንገድ ይተዉለት እንደነበር ትዝ አለው፤ ዓሣው ራሱ ነበር የሚገባላቸው። እሱ አሁን የሚያደርገው በጨለማ ቤት ውስጥ ሰው እንደ መደብደብ ሆነበት። ልተወው ብሎ የመጨረሻውን ወረወረ።

ያዘ።

ዘንጉ ጎበጠ፤ ክሩ ጮኸ። አበጋዝ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ወደ ኋላ ተጋደመ። ከክንዱ ሥር የሆነ ነገር እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ተሰማው፤ ሕመሙ ዓይኑን አጨለመበት። በዚያው ቅጽበት ክሩ ተበጠሰ። ዓሣው መንጠቆውንና እርሳሱን ጀርባው ላይ እንደተሸከመ ሄደ።

እሑድ አበጋዝ ቀኝ እጁን ማንሳት አቃተው። የትነበርሽ ጎመን ሠራች። ምን ሆንክ ስትለው ማደሪያው ውስጥ አልጋ ሳነሳ ነው አላት። በልታ ሳትጨርስ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ተንተርሳ ተኛች፤ እሱም ቁጭ ብሎ ሲያያት ዋለ።

በሳምንቱ መካከል ፈረቃ ተቀያይራ ቀን ሠርታ ማታ ቤት ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የኩሬው ትልቁ ዓሣ ሊሞት ነው» አለች። «ጀርባው ላይ መንጠቆ ተሰክቷል። ቁስሉ ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ መስመጥ አቅቶት ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ክሩን እየጎተተ በመስኮቱ ሥር ይዞራል። ሽማግሌዎቹ ከመስኮቱ አንነሣም አሉ። ምሳ የበላ የለም። ሜኔር ኮይማን ሲሳደቡ ዋሉ።»

ሜኔር፣ ማለትም አቶ፣ ኮይማን ዕድሜያቸውን ሙሉ በመርከብ ጎታች ጀልባ ላይ የሠሩ፣ አሁን እግራቸው የከዳቸው አዛውንት ናቸው። የትነበርሽ ስለ ሥራዋ ስታወራ የሳቸውን ስም ሳታነሣ አታልፍም።

«ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አለች።

 «እኔ ነኝ» አላት አበጋዝ።

ቀና ብላ ትንሿን ክፍል፣ በክፍቱ በሯ የሚታየውን ዘንግ፣ ከዚያ ያዘነበለውን ትከሻውን አየች። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። ጫማዋን አወለቀች።

«ደክሞኛል፣ አበጋዝ» አለች። «ለዚህ የሚሆን ጉልበት የለኝም።»

በማግስቱ ከአለቃው ፈቃድ ጠየቀ። ከማደሪያው ሊጣል የተቀመጠ አሮጌ የአልጋ አንሶላ በክንዱ ሥር ይዞ ካፔለ ወረደ። የምሳ ሰዓት ነበርና መስኮቱ በሰው ተሞልቷል። ጫማውን አውልቆ ከነልብሱ ኩሬው ውስጥ ገባ። ጭቃው ጉልበቱን ዋጠው፤ ውሃው ደረቱ ደረሰ። ተንሳፋፊውን ክር በግራ እጁ ያዘና ሳይጎትት፣ ራሱ ወደ ዓሣው እየሄደ ጠቀለለው። ዓሣው አልታገለም። አንሶላውን ከሥሩ አሳልፎ ታቀፈው፤ እንደ ታመመ ሰው ከብዶ ደረቱ ላይ ተኛ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዳር አውጥቶ በድንጋይ አንዴ መታው። ከዚያ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ።

 ከመስኮቱ ወዲያ የትነበርሽ የሾርባ ሳሕኖች እንደያዘች ቆማለች። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና የሜኔር ኮይማንን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወጣች።

«የወጋኸው አንተ ነህ?» አሉ አዛውንቱ።

«እኔ ነኝ፣ ሜኔር።»

«ለጨዋታ ነው ለመብል?»

«ለመብል። ለእሷ» አለና ወደ ሚስቱ አመለከተ። የትነበርሽ ፊቷን አዞረች።

«እስኪመሽ ብትጠብቅ ማንም አያይህም ነበር እኮ።»

«እስኪመሽ ይሠቃያል ብዬ ነው።»

ሜኔር ኮይማን ዓሣውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሸፍነው» አሉ። «ዝንብ እየወረረው ነው።»

ነገሩን የሰማ የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ጠባቂ ቤት ድረስ መጥቶ ዘንጉን ወሰደ፤ አበጋዝም ገንዘብ ተቀጣ። እሱን የከበደው ግን ይህ አልነበረም። ዓሣውን ስም አውጥተው ይጠሩ ከነበሩት አሮጊቶች አንዷ በየትነበርሽ እጅ አልታጠብም አሉ። ሌሎቹም ምግብ ስታቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ብርዳማው ክረምት እስኪገባ እንዲህ ሆና ሠራች። ቤት ስትገባ አንድም ቀን አንተ ያመጣኸው ነው አላለችውም፤ ብትለው ይሻለው ነበር። የበጋው ሙቀት አልፎ ኩሬው ሲበርድ አሮጊቷ ታመሙ፤ ሲታመሙ የጠሩት የትነበርሽን ነበር። ነገሩም በዚያው ተረሳ።

አበጋዝ ትከሻው አልዳነም። መወልወል ሲያቅተው የማደሪያው በር ላይ ቁልፍ ሰጪ አድርገው አስቀመጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜኔር ኮይማን ያስጠሩታል። «ፈቃድ አውጣና እንደ ሰው አጥምድ» ብለው ነበር የጀመሩት። ወንበራቸውን እየገፋ አይሰል ወንዝ ዳር ይወርዳሉ፤ በትልና በቀጭን ዘንግ መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ይዘው መልሰው ይለቃሉ። ብዙም አያወሩም። አዛውንቱ ሁለት በጋ ኖሩ፤ በሦስተኛው ክረምት ዐረፉ።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ በጋ አንድ ቅዳሜ የትነበርሽም አብራቸው ወረደች። ሌሊቱን ሠርታ ነው የወጣችው። ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው ጭንቅላቷ የአበጋዝ ጭን ላይ ወደቀ። ኮቱን በግራ እጁ ደረበላት። የጭነት ጀልባ አለፈ፣ ማዕበሉ ድንጋዩን መታ፣ ጸጥ አለ። የክሩ ተንሳፋፊ ቡሽ አንዴ ዘለለና ጥልቅ ብሎ ገባ።

«ያዘልህ እኮ!» አሉ ሜኔር ኮይማን።

አበጋዝ አልተንቀሳቀሰም።

«ይተውት፣ ሜኔር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትነቃለች።»