እስከ ምሳ የሚያልቅ ሥራ

አጣቢዋን በደንብ አውቃታለሁ ማለት ለባለካውያዋም ይከብዳታል። በአንድ ትንሽ ሆቴል ምድር ቤት፣ በአንድ እንፋሎት ውስጥ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። ግን ባለካውያዋ ቋሚ ናት፤ አጣቢዋ የግማሽ ቀን ሠራተኛ። የሆቴሉ ምሳም ሕክምናውም ለቋሚዎቹ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ለምሳ ሲቀመጡ እሷ ሽርጧን ሰቅላ እብስ ነው። ቤት ሳንባው የታመመ ባል ይጠብቃታል። ለዚህም ነው የአንሶላው ክምር ላይ ስትወርድበት ከፍጥነቷ የተነሳ ዓይን የማይከተላት። "መብረቅ" የሚል ስም አውጥተውላታል።

ባሏ ሲብስበት ቋሚ አድርጉኝ ልትል ቆረጠች። የቋሚ ሠራተኛ ባል በሆቴሉ ወጪ ይታከማላ! ግን አፏ አልፈታ አላት።

"እኔ ልናገርልሽ፣ እትዬ?" አለች ባለካውያዋ።

"ተናገሪልኝ በሞቴ። አንቺ ምላስ አለሽ፤ እኔ ያለኝ እጅ ብቻ ነው።"

ባለካውያዋ ኃላፊው ዘንድ ገብታ ምላሷን አልቆጠበችም።

"ጋሼ፣ እንደሷ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚንፏቀቅበትን እስከ ምሳ ድምጥማጡን ታጠፋዋለች እኮ!"

ኃላፊው ሳቀ። "እስከ ምሳ ካለቀ ታዲያ ከሰዓት ምን ልትሠራልኝ ነው?"

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ባለካውያዋ የራሷንም የኃላፊውንም ቃል ሳትደብቅ ነገረቻት። አጣቢዋ "ይሁን" ብቻ አለች። በማግስቱ ቀስ ብላ ለማጠብ ሞከረች፤ እጇ እምቢ አላት። ልቧ ቤት ነዋ።

ብርዱ ሲገባ ባልየው አረፈ። የሐዘን ፈቃድም የቋሚዎቹ ነው። ባሏ በተቀበረ ማግስት ጥቁር ሻሽ አስራ ሥራ ገባች።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት አለፈ። ሌሎቹ በልተው ተመለሱ። አጣቢዋ ገና አንዲት አንሶላ ይዛ ቀስ እያለች ታሻለች።

"እትዬ፣ ሰዓትሽ አለፈ እኮ።"

"ማን አለኝ ብዬ ልሩጥ?"

ባለካውያዋ ካውያውን አስቀመጠች።

"ያኔ ባላሞግስሽ ኖሮ… ይተርፍ ነበር?"

አጣቢዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ አንሶላውን ከውሃው አወጣችና አንዱን ጫፍ ዘረጋችላት።

"ያዥልኝ፣ እንጭመቀው።"