ጎማ ሥር ያነጠፍኩት ቁጥቋጦ

ምነው ያን ቀን ከእኔ ከሹፌሩ ጋር ከመሄድ በእግሯ በሄደች! አንዲት ወጣት የዕፅዋት ተመራማሪ ከጂንካ ወደ ኮልቾ መንደር ይዤ ስሄድ፣ መኪናዋ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች።

የምትፈልገውን ተክል ነገር መንገዱን ሙሉ አውርታልኛለች። ወንዝ ዳር ያለው ዘመዱ ቅጠሉ ሰፊ ነው። ይሄኛው ግን ድንጋይና ፀሐይ ላይ ስንት ዘመን ኖሮ ቅጠሉ ጠቧል፤ የሚያብብበት ወርም ተለይቶ ከዘመዱ ጋር መዳቀል ትቷል፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል። አምና ያገኘችው ሦስት እግር ብቻ ነው። እኔ “እሺ፣ እሺ” እላለሁ እንጂ ልቤ መንገዱ ላይ ነበር።

“ጋሼ፣ እርስዎ መኪናዋን ያውጡ፣ እኔ ልፈልገው፤ አምና ያገኘሁት እዚሁ አካባቢ ነው” ብላ ሄደች። እኔም ከኮረብታው ጥግ ያገኘሁትን ቁጥቋጦ በገጀራ ቆርጬ ጎማ ሥር አነጠፍኩና መኪናዋን አወጣሁ።

ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። “የሦስቱም ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ገና ወተቱ ይፈሳል።”

ያኔ ገባኝ። “ፍየል ይሆናላ!” አልኳት፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ጎማው የደፈጠጠው ቁጥቋጦ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አንዲት ቅጠል አነሳችና ጋዜጣ ውስጥ አኖረቻት።

በዓመቱ ስንመለስ ጉቶዎቹ ደርቀው ነበር። የቀረችው ያቺ ቅጠል ናት፤ መሀሏ ላይ የጎማዬ ጥርስ ታትሞባታል።