የቦሊቪያው ሽማግሌና የአፈር ባልዲ

ስሙኝማ። አንዴ ቁጭ በሉና ስሙኝ፣ ከዛ ትፈርዳላችሁ።

እዚህ ጀርመን፣ ኦስትሃፈን በሚባለው ወንዝ ዳር ወደብ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ሰውዬ የቦሊቪያ ሰው ናቸው፣ አባቴ የሚሆኑ። በጀርመንኛ "አንተ" ነበር የምላቸው፣ መጋዘን ውስጥ ሁሉም እንደዛ ነው። ለናንተ በአማርኛ ሳወራ ግን "አንተ" ልበላቸው ብል አፌ እንቢ ይለኛል።

መጀመሪያ ቀን ፓውዘ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱና ሳይቀምሱት ሲሚንቶው ላይ ጠብ አደረጉ። እኔ ደግሞ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ እሁድ እሁድ ግሪስሃይም የተከራየነው አዳራሽ ነው የምውለው። ለመናፍስት የሚገብሩ መሰለኝ። ብድግ ብዬ "በኢየሱስ ስም!" ብዬ ጮህኩ።

ኮፍያቸውን አወለቁና "አሜን!" ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ።

ለመሬት ነው አሉኝ። አገራቸው ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳሉ፣ መሬትንም ያቀምሳሉ፣ ማንም አይጣላም። "እናትህ አጠገብህ ቁጭ ብላ አንተ ቀድመህ ትጠጣለህ እንዴ?"

ከዛ በኋላ ፓውዘ ማለት ለኔ ቦሊቪያ ሆነ። ያደጉበት ተራራ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ እንግዳ ሰው ደረጃ ወጥቶ ይቀመጣል። ድንቹን ሌሊት ለውርጭ ያሰጡታል፣ ቀን በባዶ እግር ረግጠው ውሃውን ያወጡለታል፣ ለዓመታት አይበላሽም። ቀይ ሐይቅ አለ፣ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች እዛ ብርድ ላይ በአንድ እግር ይቆማሉ። ቆላው ደግሞ ጫካ ነው። አጎታቸው እዛ ጃጓር፣ የነሱን ነብር፣ አይቻለሁ ይላሉ፣ ግን ሲጠጡ ብቻ ነው የሚያወሩት። የጨው ሜዳም አለ፣ ዝናብ ሲተኛበት ሰማዩ ታች ወርዶ ደመና ትረግጣለህ።

"እኛም አፋር ጨው አለን" አልኳቸው።

"በምን ትጭናላችሁ?"

"በግመል።"

"እኛ በላማ ነበር፣ ሻኛ የሌለው ትንሽ ግመል በለው። ጭነት ካበዛህበት ይተኛብሃል። ከነካካኸው ፊትህ ላይ ይተፋል።"

"እኛም ብንለምድ ጥሩ ነበር" አልኩ፣ የሼፋችንን፣ የአለቃችንን፣ ቢሮ እያየሁ።

ባህራቸው በጦርነት ሄዷል። ባህር ኃይል ግን አላቸው፣ ሐይቅ ላይ ይለማመዳል።

"ባህር ሳይኖራችሁ?" ብዬ ሳቅኩ።

"እናንተስ አላችሁ?"

"የለንም።"

"ሁለት ባህር አልባ ሰዎች ወደብ ላይ ተቀጥረን!" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ቀን ሼፉ ጠብታዋን አየ። ወለል ይረጥባል፣ ሰው ይንሸራተታል ብሎ አብማኑንግ ሰጣቸው፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከደገሙት የሥራ ውላቸው አይታደስም፣ ውል ከሌለ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ሰውዬው ምን አደረጉ? ሻዩን ተዉት። መሬትን ሳያቀምሱ መጠጣት አልሆነላቸውም። ሽማግሌ ሰው ከንፈሩ ደርቆ ካርቶን ሲሸከም ማየት እንዴት እንደሚያናድድ!

ቦናመስ፣ ከምኖርበት ፎቅ ጀርባ፣ አፈር ቆፍሬ ባልዲ ሞላሁና በኡባን ተሸክሜ መጣሁ። ባቡሩ ውስጥ ያላፈጠጠብኝ የለም።

"ይኸው መሬት" አልኳቸው። "ወለሉ አይረጥብም።"

በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። "ትንሽ ከስታለች" አሉ፣ "ግን እሷው ናት።" ጠብ አደረጉላትና ቴርሞሱን እስከ ታች ጠጡት። ደስ ሲል!

ብዙ አልቆየም። ሼፉ ባልዲውን አገኘው። "መጋዘን ውስጥ ቆሻሻ!" ብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፋው። የኔ ነው ብዬ ጮህኩ፣ ማን ሰምቶኝ። እንደ ድጋሚ ጥፋት ቆጠረባቸውና ውላቸው ሳይታደስ ቀረ፣ ፈቃዳቸውም በዛው አለቀ፣ ወደ ተራራቸው ተመለሱ። ሲሄዱ ቴርሞሱን ሰጡኝ። "የኔን ፋንታ አቅምስልኝ፣ ልጄ።"

አሁን ፓውዘ ላይ ወጥቼ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ጠብ አደርጋለሁ። "በኢየሱስ ስም" እላለሁ። "አሜን" የሚለኝ ግን የለም።

ወደ ሥራ ሳልገባ እናንተን ሼፎቹን አንድ ነገር ልጠይቅ። ካርቶን የምናነሳበት ማሽን፣ ሽታፕለሩ፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ዘይት ያንጠባጥባል። ወድቄበታለሁ፣ ነግሬያችኋለሁ፣ ምንም አላደረጋችሁም። እናንተ ሼፎች፣ ያንን ሁሉ ዘይት በየቀኑ እየዘለላችሁ ስታልፉ የአንድ ሽማግሌ ጠብታ ሻይ እንዴት ታየቻችሁ?